ሳቅ ለጉማ

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ወዳጄ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አዋሰችኝ። ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ በጥንታዊው የሰሜን አውሮፓ አማልክት ተረት ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ፣ ፈካ ያለ የፍቅር ታሪክ። አማልክቱ እንደ ሰው ያፈቅራሉ፣ ይቀናሉ፣ ይኳረፋሉ፤ ተንኮለኛው ሎኪ በየምዕራፉ ብቅ እያለ ቤቱን ያምሰዋል፤ መጨረሻውም እንደተለመደው ሠርግ ነው። ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ እያነበብሁት ሳላስበው ጮክ ብዬ ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ገልመጥ አድርገው አይተውኝ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

በዚያው ሰሞን መጽሐፉን በእጄ እንደያዝሁ ወደ አንድ የግጥም ምሽት ሄድሁ። አንድ ገጣሚ ወዳጄ ከእጄ ተቀብሎ ሽፋኑን አገላበጠና «አንተም እንዲህ ያለውን ቀላል ነገር ታነባለህ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። እንዲያውም ምሽቱን ሁሉ መጽሐፉን ሽፋኑ እንዳይታይ ደፍቼ ነበር ያስቀመጥሁት። «ቀላል» የምትለዋ ቃል ግን አብራኝ ቤት ገባች፤ አብራኝም አደረች። እኔ ቀን ቀን የሰው ገንዘብ፣ ማታ ማታ የራሴን ስንኝ የምቆጥር ሰው ነኝ፤ ስለ ቀላልና ከባድ ሚዛን ሲነሣ ነገሩን ሳልመዝን አላልፍም።

ስለዚህ ወደ ምንጩ ሄድሁ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ እነዚያን ግርማ ሞገሳም የሰሜን አማልክት ለሳቅና ለፍቅር መጫወቻ ያደረጋቸው የዛሬው ልብ ወለድ ጸሐፊ ነውን? ወይስ ድሮም እንዲሁ ነበሩ? ያገኘሁት መልስ ከጠበቅሁት የራቀ ሆነ። ምንጩ ከልብ ወለዱ ይልቅ ፈካ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከልብ ወለዱ ይልቅ ሐዘንም አለበት። እነሆ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

* * *

ታሪኩ የሚጀምረው በደም ነው። ትያዚ የሚባል፣ ከግዙፋን ወገን የሆነ ኃያል ነበር። በንስር አምሳል ሆኖ ሎኪን ያጠምደዋል፤ ሎኪም ነፍሱን ለማትረፍ ኢዱንን አሳልፎ ሊሰጥ ይምላል። ኢዱን የአማልክቱን ወጣትነት የሚጠብቁትን ፖሞች በአደራ የያዘች ሴት አምላክ ናት። እርሷ በተወሰደች ጊዜ አማልክቱ ሸበቱ፤ ጎበጡ። ተሰብስበው ሎኪን ያዙትና ካልመለስሃት እንገድልሃለን አሉት። እርሱም በጭልፊት ክንፍ በርሮ፣ ኢዱንን የለውዝ ፍሬ አሳክሎ በጥፍሮቹ ይዟት ተመለሰ። ትያዚ በንስር አምሳል ተከተለው። አማልክቱ በአስጋርድ ቅጥር ሥር የእንጨት ፍቅፋቂ ከምረው ጠበቁ፤ ጭልፊቱ ሲያልፍ እሳት ለኮሱበት። ንስሩ መቆም አልቻለም፤ ላባው ነደደ፤ ወደቀ፤ ከበሩም ውስጥ ገደሉት።

ትያዚ ስካዲ የምትባል ሴት ልጅ ነበረችው። አባቷ መገደሉን ስትሰማ ዘመድ አላሰባሰበችም። የራስ ቁር ደፍታ፣ ጥሩር ለብሳ፣ የጦር መሣሪያዋን ሁሉ ታጥቃ ብቻዋን ወደ አስጋርድ ገሠገሠች። የአባቷን ደም ልትመልስ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ነገር የጀግና ተረት ነው፤ አንባቢ የሚጠብቀው ጦርነት ነው። አማልክቱ ግን ሰይፍ አልመዘዙም። ዕርቅና ካሳ አቀረቡላት። አገራችን ለፈሰሰ ደም የሚከፈለውን ካሳ ጉማ ትለዋለች፤ እኔም ለዚህ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ጉማው ሁለት ነገር ነበር። የመጀመሪያው፣ ስካዲ ከአማልክቱ መካከል ባል ትመርጣለች፤ ይሁን እንጂ የምትመርጠው እግራቸውን ብቻ አይታ ነው፤ ፊታቸው ይሸፈናል። ሁለተኛውን ራሷ ስካዲ ጨመረችው፦ ታስቁኛላችሁ አለች። የማይቻላቸውን የጠየቀች መስሏት ነበር።

አማልክቱ ተሰለፉ። ስካዲ ከእግሮቹ ሁሉ አንድ ጥንድ እጅግ ያማረ እግር አየች። ከአማልክቱ ሁሉ መልከ መልካሙ ባልደር ነውና ይህ የእርሱ ካልሆነ የማን ይሆናል ብላ መረጠችው። መሸፈኛው ሲነሣ የእግሩ ጌታ ንዮርድ ሆኖ ተገኘ፤ የባሕር፣ የነፋስና የዓሣ ማጥመድ አምላክ። ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ያጠበው እግር ባያምር ነበር የሚገርመው! ለዓይኗ የታመነች ልጅ ዓይኗ ሸወዳት።

ሁለተኛው ውል ቀረ። እዚህ ላይ ብዕሬ ጥቂት ታፍራለች፤ የጥንቱ ተራኪ ግን አላፈረም። ሎኪ ገመድ አመጣና አንዱን ጫፍ በፍየል ጢም ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በጨዋ ሰው ፊት ስሙ በማይጠራው የራሱ ገላ ላይ አሠረው። ፍየሉ ሲጎትት ሎኪ ይጮኻል፤ ሎኪ ሲጎትት ፍየሉ ይጮኻል። አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ ሲጓተቱ ቆይተው በመጨረሻ ሎኪ ተንከባልሎ በስካዲ ጭን ላይ ወደቀ። ስካዲ ሳቀች። ያን ጊዜ ዕርቁ ተፈጸመ። ኦዲን ደግሞ በዚያ ላይ ጨምሮ የአባቷን ዓይኖች ወደ ሰማይ ወርውሮ ሁለት ኮከቦች አደረጋቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ቆም ብለህ አስበው። ደም ልትመልስ የመጣች ልጅ ወርቅ አልጠየቀችም፤ ወርቅማ በቤቷ ነበር። የአያቷ ሀብት ከመብዛቱ የተነሣ ልጆቹ ውርሱን የተካፈሉት በሚዛን ሳይሆን በአፍ ነበር ይባላል፤ እያንዳንዱ አፉ የሚችለውን ያህል እየጎረሰ። ከዚህ የተነሣ የጥንት ገጣሚዎች ወርቅን «የትያዚ ንግግር» ወይም «የግዙፋን ቃል» በሚል ፍቺ ይጠሩት ነበር። ቀኑን በመስኮት ማዶ ገንዘብ ሲቆጥር ለሚውል ለእኔ ቢጤ፣ ወርቅን በጉርሻ መቁጠር ከሁሉ የሚያስቅ ክፍል ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ወርቅ ያላት ልጅ የጎደላትን ታውቅ ነበር፤ የጎደላት ሳቅ ነበር።

* * *

የዛሬ ልብ ወለድ ቢሆን እዚህ ላይ ሠርጉን ደግሶ መጽሐፉን ይዘጋ ነበር። የጥንቱ ተራኪ ግን ከሠርጉ በኋላ ያለውንም ነገረን። ስካዲ የተራራ ልጅ ናት፤ የአባቷ ቤት ትሪምሄይም ይባላል፤ በረዶና ቀስት የለመደች አዳኝ ናት። ንዮርድ ደግሞ የባሕር ዳር ሰው ነው፤ ቤቱ ኖዓቱን ይባላል፤ ፍቺውም የመርከቦች መናኸሪያ እንደ ማለት ነው። ወዴት ይኑሩ? ተስማሙ፦ ዘጠኝ ሌሊት በተራራው፣ ከዚያ ደግሞ በባሕሩ ዳር። የባሕሩ ሌሊቶች ቁጥር በጥንታዊዎቹ ቅጂዎች ይለያያል፤ በአንዱ ዘጠኝ፣ በሌሎቹ ሦስት ነው። የትዳር ውል ላይ ስንት ሌሊት ለማን እንደሚደርስ ጸሐፊዎቹ እንኳ አለመስማማታቸው ራሱ አያስቅም ትላላችሁ?

ንዮርድ ከተራራው ሲመለስ ተራራ አስጠላኝ አለ፤ የተኩላ ጩኸት ከስዋን ዜማ ጋር ሲነጻጸር ለጆሮው መጥፎ ሆነበት። ስካዲም ከባሕሩ ዳር ስትመለስ የባሕር ወፎች እንቅልፍ ነሡኝ አለች፤ ማለዳ ማለዳ ከባሕር የሚመጣ ወፍ እየጮኸ ይቀሰቅሳት ነበር። ተደባደቡ አይልም፤ ተረጋገሙም አይልም። ስካዲ ወደ ተራራዋ ተመለሰች፤ በበረዶ መንሸራተቻዋ እየሄደች፣ በቀስቷ እያደነች ኖረች፤ ከዚያም ወዲህ የመንሸራተቻ አምላክ ተባለች።

ይህን ስንቶቻችን አይተነዋል! ሁለት ደጋግ ሰዎች፣ ሁለቱም እውነተኞች፣ ሁለቱም ያልዋሹ፤ አንዱ በሚተኛበት ድምፅ ሌላው የማይተኛ። ቀላል ታሪክ ነው ይባል ይሆናል። እኔ ግን ስለ ትዳር መፍረስ ማንንም ሳይወቅስ እንዲህ በአጭሩ የተናገረ ታሪክ በብዙ ትልልቅ መጻሕፍት ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

* * *

ይህን የነገረን ማን ነው? ስሙ ስኖሪ ስቱርሉሶን ይባላል፤ በ1179 በአይስላንድ የተወለደ፣ ገጣሚ፣ የታሪክ ጸሐፊ፣ ባለጸጋና ፖለቲከኛ ነበር። አልቲንግ በተባለው የአገሪቱ ጉባኤ ላይ የሕግ ተናጋሪነትን ማዕረግ ሁለት ጊዜ ይዟል፤ ከ1215 እስከ 1218፣ ኋላም ከ1222 እስከ 1231። «ኤዳ» የተሰኘውን መጽሐፉን ያዘጋጀው በ1220ዎቹ አካባቢ እንደሆነ ይገመታል።

አይስላንድ ክርስትናን የተቀበለችው በ1000 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ስኖሪ በሚጽፍበት ጊዜ እነዚህ አማልክት መመለክ ካቆሙ ሁለት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ታዲያ ክርስቲያኑ ስኖሪ ለምን አነሣቸው? ለቅኔ ሲል ነው። የጥንቶቹ የሰሜን ባለቅኔዎች ነገርን በስሙ አይጠሩም፤ ወርቅን የግዙፋን ቃል፣ ስካዲን የንዮርድ ሚስት እያሉ በተዘዋዋሪ ይጠሩ ነበር። ተረቱን የማያውቅ ወጣት ቅኔውን አይፈታም፤ አዲስም አይቀኝም። ስኖሪ ይህ ዕውቀት እየጠፋ መሄዱን አየና ለወጣት ገጣሚዎች መማሪያ ጻፈ። ሰምና ወርቅ ይዘን ላደግን ለእኛ የዚህ መምህር ጭንቀት እንግዳ አይደለም።

ሊያስፈራው የሚገባም ነገር ነበር፤ የጣዖት ተረት እየጻፈ ነውና። ስለዚህ በመግቢያው ላይ እነዚህ አማልክት የተባሉት ከእስያ፣ ከትሮይ የመጡ፣ በጥበባቸው ሕዝብን ያስደነቁ ሰዎች ናቸው ሲል አስረዳ። የሚመለኩ አይደሉም፤ የሚተረክላቸው ናቸው። የማይመለክን ነገር ደግሞ መሳቅ ይቻላል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ እነዚያን ታሪኮች ያተረፋቸው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ስኖሪ ሊሰግድላቸውም ሊረግማቸውም አልተቀመጠም። የሚሰግድ ሰው ፍየሉን ይደብቅ ነበር፤ የሚራገም ደግሞ የስካዲን ሐዘን። ስኖሪ ግን የሚስቅ ሰው ስለነበረ ሁለቱንም አስቀመጠልን።

አሁን ወደሚከብደው ክፍል ልምጣ። ስኖሪ ራሱ ዕርቅን በትዳር የሚሸምት ሰው ነበር። በዚያ ዘመን የአይስላንድ ታላላቅ ቤተ ሰቦች እርስ በርስ ይፋጁ ነበር፤ አባቶችም ወዳጅነትን ለማሰር ሴት ልጆቻቸውን ይድሩ ነበር። ስኖሪም ሴት ልጆቹን ለአገሩ ኃያላን ዳረ። ከእነርሱ አንዷን ኢንጊቢዮርግን ያገባት ጊዙር ቶርቫልድሶን የተባለ ወጣት ባላባት ነበር። ትዳሩ አልሰመረም፤ ፈረሰ። እነዚህ የሚዳሩ ሴቶች እንደ ስካዲ እግር አይተው እንኳ አልመረጡም። ስኖሪ የስካዲንና የንዮርድን ታሪክ ሲጽፍ የገዛ ልጆቹ በልቡ ነበሩን? ይህን የሚነግረን ሰነድ የለም። ነገር ግን ስለ ውል ትዳር እንዲያ በተረጋጋ ርኅራኄ የጻፈው ሰው ነገሩን በሩቁ የሚያውቅ አልነበረም።

ስኖሪ በኖርዌይ ቤተ መንግሥት ብዙ ክብር አይቶ ነበር፤ ለወጣቱ ንጉሥ ለሃኮንና ለባለሥልጣኑ ለስኩሊ በመቶ ሁለት አንቀጽ የተዘረጋ የውዳሴ ግጥም ጽፏል፤ የ«ኤዳ» የመጨረሻ ክፍልም ይኸው ነው። ንጉሡና ስኩሊ ሲጣሉ ግን ስኖሪ ከስኩሊ ወገን ተቆጠረ፤ በ1239 የንጉሡን ፈቃድ ሳይጠብቅ ወደ አገሩ ተመለሰ። ንጉሡም እንዲያዝ፣ ካልሆነም እንዲገደል ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤውን የተቀበለው ማን ይመስላችኋል? ያው የቀድሞ አማቹ ጊዙር ነው። በመስከረም 1241 በሌሊት፣ ጊዙር ሰዎቹን ይዞ ሬይክሆልት ወደሚገኘው የስኖሪ ቤት መጣ። ስኖሪ ከቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት ተሸሽጎ ተገኘና በዚያው ተገደለ። ከሃያ ሦስት ዓመት ገደማ በኋላ አይስላንድ ራሷ ሙሉ በሙሉ በኖርዌይ ዘውድ ሥር ገባች።

ጉማ በሳቅ ሊከፈል ይችላል ብሎ የጻፈልን ሰው ጉማ የማይከፈልበት ሞት ሞተ። ይህን ካነበብሁ በኋላ የፍየሉን ታሪክ እንደ በፊቱ አልሳቅሁበትም። ሳቅሁ፤ ነገር ግን ሳቁ ምን ያህል ውድ እንደሆነ አውቄ ሳቅሁ።

* * *

ከስኖሪ መጽሐፍ ሌላ የእነዚህ ታሪኮች ዋና ምንጭ በ1270ዎቹ ገደማ በአይስላንድ የተጻፈ አንድ የብራና መጽሐፍ ነው። ትንሽ ነው፤ ዛሬ የቀሩት አርባ አምስት ቅጠሎች ብቻ ናቸው። ሌሎች ስምንት ቅጠሎች ጠፍተዋል። በውስጡ የጥንቶቹ ግጥሞች ተጽፈዋል፤ ከእነርሱም መካከል ሁለቱ ለጉዳያችን ይጠቅማሉ።

የመጀመሪያው የቶር ሠርግ ነው። የነጎድጓዱ አምላክ ቶር አንድ ቀን ሲነቃ መዶሻው የለም። ትሪም የሚባል ግዙፍ ሰርቆ ከምድር በታች ቀብሮታል፤ የሚመልሰውም ውቢቱን ፍሬያን ከዳሩለት ብቻ ነው። ፍሬያ በቁጣ እምቢ አለች። አማልክቱ መከሩና ቶርን ራሱን ሙሽራ አድርገው አለበሱት፤ ዓይነ ርግብ ሸፈኑት፤ ቁልፍ በወገቡ አንጠለጠሉለት፤ ሎኪን ደግሞ ሚዜ አደረጉት። በሠርጉ ግብዣ ላይ «ሙሽራይቱ» አንድ በሬና ስምንት ሳልሞን በላች። ትሪም ደነገጠ፤ እንዲህ የምትበላ ሴት አይቶ አያውቅም። ሚዜው ሎኪ ፈጥኖ፣ አንተን ከመናፈቋ የተነሣ ስምንት ሌሊት እህል አልቀመሰችም አለው። ሊስማት ዓይነ ርግቡን ገለጥ ቢያደርግ ዓይኖቿ እንደ እሳት ነደዱበት፤ ሎኪም ስምንት ሌሊት አልተኛችም አለ። የተጃጃለ ሙሽራ ማብራሪያውን ሁሉ ያምናል። መዶሻው ለምርቃት በሙሽራይቱ ጭን ላይ ሲቀመጥ ሠርጉም ትሪምም አበቁ።

ሁለተኛው የንዮርድ ልጅ የፍሬይ ፍቅር ነው። ፍሬይ ከኦዲን ዙፋን ላይ ሆኖ ዓለምን ሲመለከት በግዙፋን አገር ጌርድን አያት፤ ክንዶቿ ሲያበሩ ሰማይና ባሕር አብረው አበሩ። ምግብ አስጠላው፤ ከሰው ጋር መነጋገር ተወ። አገልጋዩን ስኪርኒርን ሽማግሌ አድርጎ ላከ፤ ለመንገዱም ሰይፉን ሰጠው። ጌርድ በመጨረሻ ከዘጠኝ ሌሊት በኋላ ልትገናኘው ተስማማች። የዚህ ግጥም ጥላ ግን ይጠቀስ፦ ስኪርኒር ወርቁንና ፖሙን ስትንቅበት በአስፈሪ እርግማን ነው ያስፈራራት፤ የዛሬ አንባቢ እዚህ ላይ ሳቁን ቢያቆም ልክ ነው። ፍሬይም ዋጋ ይከፍላል። የዓለም ፍጻሜ ጦርነት በመጣ ጊዜ ሰይፍ አልባ ሆኖ ይዋጋል፤ በዚያም ይወድቃል። ለፍቅር ሲል ሰይፉን የሰጠ ጀግና ዋጋው ሞት መሆኑን ታሪኩ ሳይደብቅ ነው የሚነግረን።

ያ ትንሽ ብራና በ1643 ብሪንዮልፉር ስቬንሶን በተባለ የአይስላንድ ጳጳስ እጅ ገባ። በ1662 ጳጳሱ አይስላንድን ይገዛ ለነበረው ለዴንማርክ ንጉሥ በስጦታ ላከው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በላይም በኮፐንሃገን ተቀመጠ። አይስላንድ በ1944 ሪፐብሊክ ከሆነች በኋላ መጻሕፍቷን ስትጠይቅ ቆየች። በሚያዝያ 21 ቀን 1971 ብራናው በዴንማርክ የጦር መርከብ ተጭኖ ሬይክያቪክ ወደብ ደረሰ፤ ብዙ ሕዝብም ወደቡ ላይ ወጥቶ ተቀበለው። መጻሕፍቱን በሰው አገር ላስቀረ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። እኔን ግን አንድ ነገር ይበልጥ ነካኝ። ሕዝቡ ወደብ ወጥቶ የተቀበለው መጽሐፍ ውስጥ ሕግ የለበትም፤ የግዛት ውል የለበትም። የሙሽራ ልብስ የለበሰ ቶር ግን አለበት። አንድ አገር «ቀላል» የሚባለውን ነገር ሀብቴ ነው ብላ ስትቀበል ማየት ያጽናናል።

እነዚህ ታሪኮች ዛሬም አላረፉም። በዴንማርክ ፔተር ማድሰን ከባልደረቦቹ ጋር «ቫልሃላ» በሚል ርእስ ከ1979 ጀምሮ ለዓመታት በሥዕላዊ መጽሐፍ አሣቃቸው፤ ኒል ጌይማን በ2017 መልሶ ተረካቸው፤ ጄኔቪቭ ጎርኒቼክ በ2021 ባሳተመችው ልብ ወለድ ደግሞ የሎኪን ፍቅረኛ ዋና ገጸ ባሕርይ አደረገቻት፤ ስካዲም በዚያ ውስጥ ታላቅ ቦታ አላት። የእኔዋ ቀጭን ልብ ወለድ በዚህ ሰልፍ መጨረሻ ላይ የቆመች ታናሽ እኅት ናት። ሁሉም የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ከምንጩም የሚቀዱት ሳቅ የተሰረቀ አይደለም፤ በውርስ የተገኘ ነው።

* * *

ስለ ስካዲ ሳነብ ከሁሉ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። አባቷ ሞቶ፣ ጥሩር ለብሳ የመጣች ልጅ ለምን «አስቁኝ» ትላለች? ንቀት ነው? ፈተና ነው? መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታችን ነው።

አባቴ ያረፈ ጊዜ እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ እንባ አልወጣትም። ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ለቅሶ ደራሹን ሁሉ ድርቅ ብላ ታያለች፤ ቡና ሲሰጧት ትቀበላለች፤ ሳትጠጣው ይቀዘቅዛል። በሦስተኛው ቀን ማታ አንድ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ መጡ። ጋሼ ብዬ ያደግሁባቸው ሰው ናቸው። ጥግ ይዘው ጥቂት ተቀመጡና፣ አባቴ እናቴን ሊያጭ የሄደ ዕለት የለበሰውን ሱሪ ከእርሳቸው ተውሶ እንደነበር ማውራት ጀመሩ። ሱሪው ስለጠበበው ሽማግሌዎቹ ተቀመጥ ሲሉት መቀመጥ አልቻለም፤ «አክብሮቴ ነው» እያለ ነገሩ እስኪያልቅ ቆሞ ዋለ። የእናቴ አባትም በልጁ ትሕትና ተደንቀው ልጃቸውን ፈቀዱ። እናቴ ይህን በዕድሜዋ ሁሉ አልሰማችም ነበር። በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያም፣ እዚያው ሳቋ ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። በማግሥቱ ቡናዋን ጠጣች።

እኔ ያን ዕለት ትንሽ ተቀይሜ ነበር፤ በለቅሶ ቤት ሳቅ ምንድን ነው ብዬ። ዛሬ ግን ሳስበው ጋሼ ያመጡልን ጉማ ነበር። ሞት ወስዶ ነበር፤ እርሳቸው ከወሰደው ላይ ጥቂት አስመለሱ። ስካዲም የጠየቀችው ይህንኑ ይመስለኛል። አባቴን መመለስ አትችሉም፤ ወርቅ አያስፈልገኝም፤ ከእርሱ ጋር የሞተውን ሳቄን መልሱልኝ ማለቷ ነው።

እርግጥ ሳቅ ሁሉን አይፈታም። ሎኪ በኋላ በባልደር ሞት ተፈርዶበት በታሰረ ጊዜ መርዝ የሚያንጠባጥብ እባብ ከፊቱ በላይ ያንጠለጠለችው ያችው በፍየሉ የሳቀችው ስካዲ ናት። ዕርቁ ሐዘኗን አስታገሠ እንጂ ትዝታዋን አላጠፋም። ሚስቱ ሲጊን ግን ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ከአጠገቡ ቆማለች፤ መርዙን እየተቀበለች፣ ሲሞላ እየደፋች። የጥንቱ ተራኪ ስለ ፍቅሯ አንድም የሚያማምር ቃል አልጨመረም፤ ሳህኑን ብቻ አስያዛት።

መጽሐፉን ለወዳጄ መልሻለሁ። ያን ገጣሚ ወዳጄን ባለፈው ሳምንት አገኘሁትና፣ ስለ ቀላልነቱ የጠየቀኝን ዘግይቼ መለስሁለት። «አዎን፣ አነባለሁ» አልሁት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ የስካዲን ታሪክ ነገርሁት። ፍየሉ ጋ ስደርስ ሊከለክል ሞከረ፤ አልቻለም፤ ሳቀ። እኔም ጉማዬን ተቀበልሁ።

ቸር ይግጠመን።